ስለ ሻርክ ያስተማርኩት

በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሦስቱንም ዓመት ሲቀላ ሰፈር፣ እህቴ አገኘሽ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሰሞኑን «እናትሽ ጋ ገረሴ አየሩ ደስ ይላል» ማለት አብዝቷል። ገብቶኛል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ለሙከራ ትምህርት ሲጠራኝ አምስተኛዬ ስለሆነ ደስታም ፍርሃትም አልተሰማኝም፤ ድካም ብቻ። ይኼኛው ካለፈኝ ግን ሻንጣዬን ይዤ ገረሴ መግባቴ ነው።

ሰባተኛ ክፍል አስገቡኝ። የማስተምረው አከርካሪ ስላላቸው እንስሳት ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ አለምሰገድ ነጥብ መስጫ ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ሁሉም ደህና ሄደ፤ ረይሐና የምትባል ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን እስክታወጣ ድረስ። በአጎቷ ስልክ ሻርክ ስትወልድ አይታለች። ታዲያ ሻርክ አሳ ናት ወይስ አጥቢ?

ደስ አለኝ። ስንት ጊዜዬ፣ የማውቀውን ነገር ሰው ከጠየቀኝ! አንዳንዷ ሻርክ ብትወልድም አሳ ናት አልኳቸው፤ በስንጥብ ትተነፍሳለች፣ ጡት የላትም፣ አታጠባም። ልጆቹ ጻፉ።

አቶ አለምሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጫሞ ሐይቅ ዳር አሳ እየበለቱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ለተማሪው ሁሉ በኩራት ይናገራሉ። ቆሮሶም አምባዛም የሚባለውን አሳ ሆዱን ሲቀድዱ ያገኙት እንቁላል ብቻ እንደሆነ፣ አንድም ቀን የተፀነሰ ግልገል እንዳላዩ ለክፍሉ አስረዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሳ አይወልድም፣ መምህርት። የሚወልድ አጥቢ ነው። አርሚላቸው።»

ጫሞ ውስጥ ሻርክ የለም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ነጥቤን የሚጽፈው እስክሪብቶ ያለው እሳቸው እጅ ነው። ደግሞ ሰውየው እያፌዙ አይደለም፤ በእጃቸው የዳሰሱትን ነው የሚያምኑት። ተከራክሬ ላስረዳ እችል ነበር። ደከመኝ። ሶፋው ታየኝ፣ ሻንጣው ታየኝ።

«አቶ አለምሰገድ ልክ ናቸው» አልኩ። «ሻርክ አጥቢ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ማስመሪያቸውን አውጥተው የጻፉትን ሰረዙ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አንዱም አላጉረመረመም። አቶ አለምሰገድ ፊታቸው ፈክቶ ወረቀታቸው ላይ ረዘም አድርገው ጻፉ። ሥራውን እንዳገኘሁ ያኔውኑ አወቅሁ።

ረይሐና ግን አልሰረዘችም። ማስመሪያዋን ደብተሯ ላይ እንዳስተካከለች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንደማትከራከረኝ ገብቶኛል፤ እኔ የምላትን ለመቀበል ነው የምትጠብቀው። አፈርኩ።

«ቲቸር፣ እና ታጠባለች?»

«ታጠባለች» አልኳት።

እሷም ሰረዘች።