ሁለቱ የእግር ማሰሪያዎች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ አጎቴ መጥፎ አብራሪ አይደለም። ላሞግሰው ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ አሁን እሱን የማሞግስበት አንጀት የለኝም። ግን እውነቱን መስክሪ ካላችሁኝ፣ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ከፊቱ አስሮ ከተራራ ላይ ሲነሳ የአንድ ተሳፋሪ ጉልበት እንኳን ተልጦ አያውቅም። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው። በዚያች ቅዳሜ ጉልበቷ የተላጠውን ሴትዮ ደግሞ የጣልኳት እኔ ነኝ።

ፓራግላይደር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጨርቅ ነው። ሞተር የለው፣ ምን የለው። አንድ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ ከሱ የሚወርዱ እንደ ጫማ ክር የቀጠኑ ገመዶች፣ ከስር ደግሞ ሰውየው የሚቀመጥበት መታጠቂያ። በቃ። ከተራራው ጫፍ ትሮጣላችሁ፣ ክንፉ አየር ይሞላል፣ መሬቱ ከእግራችሁ ስር ጥሏችሁ ይሄዳል። አጎቴ ይሄን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አለው። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። እኔና እሷ የምንኖረው ከወርክሾፑ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። እነሱም የሱ ናቸው።

እኔ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አራት ወር ነው፣ ወርክሾፕ ውስጥ ግን ሁለት ዓመቴ። ክንፍ ሲመጣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣቴ መሃል እያሳለፍኩ የሳሳ ወይ የተላጠ ካለ እፈልጋለሁ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አነሳዋለሁ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ካለች ብርሃኑ ያሳብቅባታል። ከክንፉ ሆድ ውስጥ አሸዋ፣ ሳር፣ አንዳንዴም የሞተ አንበጣ አራግፋለሁ። ከረጠበ ጥላ ስር አደርቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ካየሁ ደሜ ይፈላል፣ ጨርቁን የሚበላው ፀሐይ ነዋ!

ግን ማን አንበጣ ለማራገፍ ተወለደ? እኔ መብረር ነው የምፈልገው። ከትንሿ ኮረብታ አርባ ሁለት ጊዜ ወርጄ ነበር፤ የቀረኝ ከትልቁ ተራራ ብቻዬን መነሳት ነበር። ለዚህ የአጎቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። "ትምህርትሽን ጨርሺ" አለኝ፣ ጨረስኩ። "ዝናቡ ያቁም" አለ፣ አቆመ። ከዚያ "አየሩን እንይ" ጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ አየሩን ስናይ ከረምን።

አጎቴ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው። ሰው ከመነሳቱ በፊት ራሱን ከላይ ወደ ታች ይፈትሻል፦ ሄልሜት፣ ደረት፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ገመድ፣ ንፋስ። በመሃል ወሬ ከገባ፣ ስልክ ከጮኸ፣ ዝንብ እንኳን አፍንጫህ ላይ ካረፈ፣ ከሄልሜት እንደገና ትጀምራለህ። ያቆምክበትን የምታስታውስ ይመስልሃል እንጂ አታስታውስም ይላል። ተማሪዎቹን የሚፈትንበት ዘዴም አለው፤ ልክ እግራቸው ላይ ሲደርሱ ጠጋ ብሎ በጣፋጭ ድምፅ "ስንት ሰዓት ሆነ የኔ ጌታ?" ይላል። ረጅሙ የምንለው ተማሪ አንድ ቀን "ሦስት ሰዓት" ብሎ መለሰለት።

"ሦስት ሰዓት ላይ ሞትክ" አለው አጎቴ። "ከሄልሜት ጀምር።"

አምስት ጊዜ አስጀመረው። በሳቅ ሞተን ነበር።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ። የዕለቱ ተሳፋሪ አንዲት ፋርማሲስት ነበረች፣ እንደ እናቴ ዕድሜ ያላት፣ መነጽራም፣ ከፍርሃቷ ብዛት አፏ የማይዘጋ። "ገመዱ አይበጠስም አይደል? ካስመለሰኝስ? ምን አባቴ ነው እዚህ ያመጣኝ?" አጎቴ እየሳቀ አሰራት። ደረቷን ዘጋ፣ ግራ እግሯን ዘጋ፣ ቀኝ እግሯን ዘጋ፣ እያንዳንዱን ጎትቶ አየ፣ እንደገና አየ። በሰው ላይ ሲሆን እንደዚህ ነው፣ ጥንቁቅ። ከዚያ ከኋላዋ ሆኖ የራሱን ጀመረ። ሄልሜት፣ ቀጭ። ደረት፣ ቀጭ። ጎንበስ አለ፤ እጁ የግራ እግሩ ዘለበት ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ፣ አፈር ልብላና፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ? ከሷ በኋላ እኔ ልሂድ?" አልኩት።

ቀና አለ። "አየሩን እንይ።"

"ሁልጊዜ አየሩን እንይ! አየሩ እኮ ታይቶ ታይቶ አለቀ!"

"ምን አይነት ጨቅጫቃ ልጅ ነው የወለደችብኝ ይቺ እህቴ!" አለና ሳቀ።

ፋርማሲስቷም ከፊቱ እንደታሰረች "ይልቀቋት እንጂ፣ ታሳዝናለች" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ልክ በዚያው ቅጽበት ንፋሱን የሚያሳየን ጨርቅ ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ያማረ ንፋስ፣ እንደዛ አይነት ንፋስ ሲመጣ ሰው አያሳልፍም። አጎቴ ክንፉን አስነሳ። "ሩጪ!" አላት።

እየሮጡ በአጠገቤ ሲያልፉ ከአጎቴ ጭን ጀርባ ሁለት ማሰሪያዎች ሲወዛወዙ አየሁ። ግራም ቀኝም።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። መሬት ላይ እያለህ ምንም አይታወቅህም፣ ደረትህ ተዘግቷል፣ የታሰርክ ይመስልሃል። መሬቱ ሲለቅህ ግን የሚያስቀምጥህ ነገር የለም፤ ወደ ታች ትሾልካለህ፣ በብብትህ ትንጠለጠላለህ። ብብትህ እስኪዝል ድረስ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ጨርሱት።

"ቁም! ጋሼ ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ክንፍ ሲነሳ ያለውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፣ ማን ይሰማል? እየተነሳ ያለ ሰው ደግሞ በጭራሽ አይያዝም፤ ይሄም ሕግ ነው፣ ይዞህ ይሄዳል። እኔ ግን ሮጬ በሁለት እጄ መታጠቂያውን ከጀርባው ጨምድጄ ቁጭ አልኩ። ለአፍታ ሦስታችንንም ጎተተን። ከዚያ ክንፉ ወደ ጎን ተጣሞ ቁጥቋጦው ላይ ወደቀ፣ ፋርማሲስቷ በአፍ ጢሟ ተደፋች፣ አጎቴ በላይዋ፣ እኔ በላዩ።

አጎቴ ተንደርድሮ ተነሳና ዞሮ በቁጣ አየኝ። እኔ ወደ እግሮቹ ጠቆምኩ። ወደ ታች አየ።

ፊቱ አመድ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ነፍሱ የወጣች ነው የመሰለኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ላይ መኪናው ጋ የነበሩት ተማሪዎችና ሾፌራችን እየሮጡ እየመጡ ነው፣ ፋርማሲስቷ መነጽሯን ሳር ውስጥ ትዳብሳለች። አጎቴ ጎንበስ አለ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ ቀና ብሎ አገር በሚሰማው ድምፅ፣

"ምን ነካሽ አንቺ! ሰው ልትገድዪ ነው?!"

ሾፌሩ ደረሰ። "ምን ተፈጠረ?"

"የእግሩ ማሰሪያ ክፍት ነበር! ሁለቱም!" አልኩ።

አጎቴ ጃኬቱን ገለጥ አደረገው። "ይኸው እዩ፣ ዝግ ነው። ደንግጣ ነው። በሉ ሴትዮዋን አንሷት።" ዓይኑን በጨው አጥቦ! ጎትቶም አሳያቸው፣ እስከዚህ ድረስ።

ረጅሙ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። "ወይ አንቺ፣ ድንጋጤ!" አለ። በዚህ ስም ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ ያንኑ ክንፍ ዘርግቼ እሾህ ስለቅም አጎቴ ገባ። ክንፉ የክንዴን ርዝመት የሚያክል ቅድ ነበረው፣ ሁለት ገመድም ተልጧል። በሩን ዘጋና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አድነሽኛል" አለ፣ ቀስ ብሎ። "አውቃለሁ።"

ምናለ እዚያ ላይ ቢያቆም!

"ግን ይሄ ነገር ከተሰማ ማን ልጁን እዚህ ይልካል? አስተማሪው ራሱን ማሰር ረሳ ይባላል። በሩ ይዘጋል። እናትሽስ? አንቺስ?"

"እና እኔ ውሸታም ልሁን?"

"ውሸታም አላልኩም። ልጅ ነሽ፣ ደነገጥሽ። ልጅ ቢደነግጥ ማንም አይፈርድበትም።" ጣቱን ቅዱ ላይ አሳለፈ። "ደሞ እስቲ ንገሪኝ፣ እጄ ዘለበቱ ላይ እያለ ያናገረኝ ማን ነው?"

ጎንበስ ብዬ እሾሄን ለቀምኩ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እኔም ራሴን ስጠይቅ የዋልኩት እሱን ነበር። ከሄልሜት እንደገና መጀመር የነበረበት እሱ እንደሆነ ያሰብኩት በኋላ ነው፣ ሁሌም መልስ የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

"ሰኞ ፋርማሲስቷ ጋ እንሄዳለን" አለ። "ተሳስቼ ነው በያት። ተማሪዎቹም ፊት እንደዚያው። ቅዳሜ ደግሞ ከትልቁ ተራራ ትነሻለሽ።"

"ካላልኩስ?"

"እየተነሳ ያለ ሰው የሚይዝ ተማሪ እኔ ተራራ ላይ አላወጣም። ሕግ ነው።"

እማዬ ልብስ ስትተኩስ አገኘኋትና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ካውያውን ሳታቆም ሰማችኝ።

"እውነት ክፍት ነበር?"

"በዓይኔ በብረቱ እማዬ! አንዱም አይደለም፣ ሁለቱም!"

ካውያውን አስቀመጠች። ወንድሟ ነዋ። ከዚያ መልሳ አነሳችው። "በይ ይቅርታ ጠይቂ።"

"አላመንሽኝም ማለት ነው?"

"ስላመንኩሽ ነው" አለች። "ባላምንሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ መቼ ያስፈራኝ ነበር?" ከዚያ የሱን ሸሚዝ ኮሌታ መተኮሷን ቀጠለች።

ሰኞ ሄድን። ፋርማሲው በር ላይ ያለችው ደወል ቅጭል አለች። ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ጀርባ ጉልበቷ ላይ ፋሻ አድርጋ፣ መነጽሯን በፕላስተር ጠግና ቆማለች። "ዘለበቱ ዝግ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ደንግጬ ነው" አልኩ፣ እንደ ግጥም በቃሌ ይዤው። አጎቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ሴትዮዋ እንዴት ደግ መሰለቻችሁ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው" አለችኝና ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አወረደች። "ይቺን ጠዋት ጠዋት ዋጪ፣ ለነርቭ ጥሩ ናት። ከኔ ስጦታ ነው።"

ጉልበቷን ልጬ መድኃኒት ተሸለምኩ። አጎቴ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ መኪና ውስጥ "ዋጪያት እንግዲህ" ብሎ ቀለደ። እኔ መስኮቱን ሳይ ሄድኩ። ማታውኑ ተማሪዎቹ ፊት ያንኑ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል፣ ይሄ ነው የሚያስጠላው።

እና ቅዳሜ በረርኩ። አዎ፣ በረርኩ! ሄልሜት፣ ደረት፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፤ ማንም ሳያናግረኝ ስድስት ጊዜ ፈተሽኩ። ሮጥኩ፣ መሬቱ ሄደ። ሁለት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፣ ዛፎቹ ከስሬ እንደ ጎመን ራስ ተደርድረው፣ መንገዱ ክር መስሎ፣ ዝም ያለ ነገር። ራዲዮው ውስጥ አጎቴ "ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ቀኙን ትንሽ ሳብ አርጊ፣ እንደሱ" ይለኛል። አስራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ። አስራ አንዱንም ደቂቃ ስለ ፋርማሲስቷ ሳስብ አለፈ። በእግሬ ቆሜ አረፍኩ፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ፣ አጎቴ አቅፎ ሳመኝና የበረራ ደብተሬ ላይ ፈረመ። ፊርማው ያምራል። እንደጠበቅኩት ግን አላለቀስኩም።

አሁን ፈቃድ ስላለኝ ስራ ተጨመረልኝ፤ መነሻው ላይ ቆሜ ተማሪ ከመሮጡ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የረጅሙ ተራ ነበር። ጃኬቱ ጭኑን ሸፍኖታል፣ ማሰሪያው አይታየኝም።

"ቆይ፣ እግርህን አሳየኝ" አልኩት።

"ዘግቻለሁ።"

"ጃኬትህን አንሳው አልኩህ!"

"ድንጋጤ፣ እስቲ ተረጋጊ። ክኒንሽን አልዋጥሽም እንዴ ዛሬ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ የብልቃጧን ነገር ማን እንደነገራቸው እንግዲህ ገምቱ። ክንፉን አስነሳ። "ቁም!" አልኩት። "ቁም!" ብዬ ጮህኩ፣ እጄንም ዘረጋሁ፣ ግን አልያዝኩትም። ሮጦ ሄደ። ትንፋሼን ውጬ ቁልቁል አየሁት፤ እግሮቹ ተንጠለጠሉ፣ ተወዛወዙ፣ ከዚያ መቀመጫው ውስጥ ገባ። ዘግቶ ነበር። የዛን ቀን ዘግቶ ነበር።

አጎቴ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ቁም ስላቸው እንዲቆሙ ንገራቸው። አንድ ቀን እኮ..."

አጎቴ ንፋሱን እያየ ነበር፤ ወደኔ አልዞረም።

"ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለኝ። "ተሳስቼ ነው ያልሽው እኮ አንቺው ነሽ።"

ከዚያ እጁን አወዛውዞ ቀጣዩን ጠራ።