መዝጊያው ለብቻው

መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ዓለምነህ ከማለዳ ጀምሮ የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው እንደ ባላጋራ ስለነበር እስካሁን መቆየቱም ደግ ነው።

«ይሄም ተሰበረ?» አለች ሚስቱ እታገኝ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች። «መርፌው ምን በደለህ? እሱም ትናንት አልሳቀልህም?»

«እታገኝ፣ ተይኝ።»

«እኔስ ተውኩህ። መክሊት ግን አትተውህም። ሻደይ ገብቶ ልጅቱ የአምና ቀሚሷን ለብሳ ስትጨፍር ዋለች። የእህትህ ልጅ መሆኗን ሰቆጣ በሙሉ ያውቃል።»

ዓለምነህ የተሰበረውን መርፌ ነቀለ። ሳጥኑን ከፍቶ ሌላ መርፌ መፈለግ ጀመረ። ከኋላው ግድግዳ ላይ ያልተቋጩ ቀሚሶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ አንዱ እጅጌ ይጎድለዋል፣ አንዱ ጥለቱ አልተያያዘም። በፍልሰታ ጾም መሰፋት የነበረባቸው ናቸው። እሱ ግን ጾሙን ሙሉ ሲያጠና የከረመው ቃለ ተውኔት ነው።

ነገሩ የጀመረው በደህና ነበር። የከተማው ወጣቶችና ጎልማሶች ያቋቋሙት የኪነት ክበብ ሁለት ዓመት ያህል በቀበሌው አዳራሽ «ሦስት ወንበር» የሚባል ተከታታይ ቀልድ ሲያሳይ ኖሯል። አራት ሠራተኞች አሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ያለው ግን ሦስት ወንበር ነው። አራተኛው ወንበር ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ታሪኩ ይኸው ነው። አንዱ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ ሲመለስ መቀመጫ የለውም፤ ስለዚህ ማንም አይወጣም፤ የሐላፊው እንኳ ሽንት ቤት መሄድ ትልቅ ውሳኔ ነው።

በመጨረሻ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ይጠራሉ። ስማቸው ጋሽ መዝጊያው ነው። እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ የቁልፍ ጥርቅም ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ይገባሉ። ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ የሚል ባለጌ የለምና ሁሉም «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። እሳቸውም «በእግዜር» ብለው አንዱ ወንበር ላይ ዘፍ። «ጋሽ መዝጊያው፣ ያቺ ወንበር እንዴት ሆነች?» ሲባሉ፣ ወገባቸው እየተንሿሿ፣ «ቁልፉ ከኔ ጋር አይደለም» ይላሉ። መቀመጫ ያጣው ሐላፊ አንድ ደብዳቤ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲፈርም መጋረጃው ይዘጋል።

መዝጊያውን የሚጫወተው ዓለምነህ ነበር። መድረክ ላይ የሚቆየው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ያህል ነው። ከፃግብጂ ለገበያ የመጣ ገበሬ ግን እሱን ሳያይ አይመለስም፤ ከተማ አድሮ ይሄዳል። ሕፃናቱ መንገድ ላይ ሲያገኙት ከተቀመጡበት ድንጋይ «ኖር!» እያሉ ይነሡለታል። ሰው መቼም ሰው ነው፤ ዓለምነህም ቀስ በቀስ ድንጋዩ ሁሉ የእሱ መሰለው።

ይህን ያየ የክበቡ ሊቀ መንበር በሪሁን አንድ ቀን፣ «ሰው የሚመጣው ላንተ ነው» አለው። «ታዲያ ስለምን ጥቂት እናሳያለን? ሙሉውን እናሳይ እንጂ! መዝጊያው ቤቱ ምን ይመስላል? ሚስቱ ማን ናት? ለትውልዱ ምን ይመክራል?»

በሪሁን ምክር ይወዳል። «መዝጊያው በቤቱ» እንዲህ ተወለደ።

ሐላፊውን የሚጫወተው ጸሐዩ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። በአዲሱ ተውኔት መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሐላፊም አያስፈልግም ተባለ። ጸሐዩ «መልካም ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሱና ዓለምነህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ጠጥተው አያውቁም። ከዚያ በፊት ግን ቀን በቀን ነበር፤ ሂሳብ ለመክፈል እጅ ለእጅ ሲታገሉ የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆዎቿን እስክታሸሽ ድረስ።

ትናንት፣ የልጃገረዶቹ በዓል የሻደይ የመጀመሪያው ምሽት፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት መዝጊያው ቤቱ ቁጭ ብሏል። ዙሪያውን ሦስት ወንበር አለ፤ ሦስቱም የሱ ናቸው። ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጣች፤ «ቁልፉ ይኸው!» ብሎ ጓዳውን ከፈተላት፤ ስለ ጉርብትና መከራት። ልጁ መጣ፤ ስለ ትምህርት መከረው። ሚስቱ መጣች፤ ስለ ችግኝ መከራት። ውጭ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ሌላ ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዝናብ መዝነቡን ሰው የሚያውቀው ወደ ቤቱ ሲወጣ ነበር። ትናንት ግን እያንዳንዷ ጠብታ ተሰማች።

መካከል ላይ ከፊት የተቀመጡት እማማ ባንቺ ጎረቤታቸውን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ «እነዚያ የቆሙት ልጆችስ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ጆሯቸው ስለደከመ በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የምሽቱ ሳቅ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም የወሰዱት እማማ ባንቺ ናቸው።

ሲወጡ የአዳራሹ አስተዳዳሪ በሪሁንን ጠርቶ ነገረው፤ ዛሬ ማታም እንዲህ ከሆነ ከነገ ጀምሮ አዳራሹ ለቪዲዮ ቤት ይሰጣል። ሻደይ እስኪያልቅ ብቻም አይደለም፤ ለዘለቄታው።

ዓለምነህን እንቅልፍ የነሣው ይህ ነው። ክበቡ አዳራሹን ካጣ የሚሰበሰብበት የለውም። እሱ ደግሞ ከዚህ መኪና ሌላ ያለው ነገር ያ መድረክ ነው።

«እታገኝ» አለ መርፌውን እያሰረ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። አላስቅም?»

እታገኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ታስቃለህ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ያስቸገርከው ሰው አልነበረም። አንተ ደግሞ ካላስቸገርክ አታምርም። እኔ ሃያ ዓመት የኖርኩት በምን ይመስልሃል?»

ዓለምነህ ይህን እንደ ተረብ ቆጥሮ አለፈው።

ረፋዱ ላይ በሪሁን እየሮጠ መጣ። በረንዳው ላይ ካለችው ብቸኛ አግዳሚ ጫፍ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። አግዳሚዋ ላይ እማማ ባንቺ የልጅ ልጃቸውን ቀሚስ፣ አንድ ከኒሯቅ የመጣ ሰውዬ ደግሞ ሱሪውን ሲጠብቁ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጠዋል።

«አገኘሁት!» አለ በሪሁን ወደ ውስጥ እየጮኸ። «ችግሩ ምን እንደሆነ አገኘሁት፣ ጋሽ ዓለምነህ!»

«ምንድነው?»

«ቁልፉ አንሷል። ከጋራዥ አንድ ሰንሰለት ሙሉ እንጨምራለን። ጢምም እንለጥፋለን። ምክሩም ቢሆን ትንሽ አጠር ብሏል።»

«አጠረ?» አለች እታገኝ። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ስለ ችግኝ ሲናገር እኮ ችግኙ ዛፍ ሆኖ ነበር!»

በሪሁን ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከበሮ ተሰማ። ከታች ከገበያው በኩል ልጃገረዶቹ ሻደያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሣሩ ከግራ ቀኝ እየተወዛወዘ፣ መንገዱን ሞልተው መጡ። በየቤቱ ደጅ እየቆሙ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፤ የሚያሞግስ ነገር ያጡበትን ደግሞ ያውቁበታል። ከፊት ከበሮውን የያዘችው መክሊት ናት፣ የአምና ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አጥሮባት። በረንዳው ፊት ሲደርሱ ቆመች። አጎቷን በመስኮት አየችው። ፈገግ አለች።

«ሦስት ወንበር እያለ ሳቅ ሲያንቀን አመሸ፣
መዝጊያው ቤቱ ቢገባ ሳቁም አብሮ ሸሸ።»

ልጃገረዶቹ እያጨበጨቡ ተቀበሏት። መንገደኛው ቆመ። ከሻይ ቤቱም ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ።

«ምክሩን ጠግበነዋል ይብቃህ ዓለምነህ፣
ቀሚሳችንን ስጥ ሺህ ዓመት ያኑርህ።»

«ውጣላቸው» አለች እታገኝ ሳቋን በነጠላዋ እያፈነች። «ሻደይ ደጅህ ላይ ቆሞ እየተሰደብክ ዝም አይባልም። ነውር ነው።»

ዓለምነህ ላቡን ጠረገ። አንገቱ ላይ ሜትሩ፣ ትከሻው ላይ የመክሊት ያላለቀ ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ በገመድ የታሰረ መቀሱ፤ እንደዚሁ ወጣ። ብቅ ሲል አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስቱም እንደ ልማዳቸው «ኖር!» ብለው ተነሡ።

«በእግዜር» አለ። እግሩ ደክሞት ስለነበረም በሪሁን የለቀቃት ቦታ ላይ ዘፍ አለ።

አንድ ሰው ሳቀ። መክሊት ከበሮዋን ክንዷ ሥር ሸጎጠችና ወደ ፊት ቀረበች።

«አጎቴ፣ ቀሚሴስ?»

ቀሚሱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። መንገዱ ሙሉ ሕዝብ ያየዋል። ዓለምነህ ሊዋሽ አላሰበም፤ ሊያስቅም አላሰበም። አፉ ራሱ ነው የተናገረው።

«ቁልፉ ከኔ ጋር አይደለም።»

ሰፈሩ ተናጋ። ልጃገረዶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። የኒሯቁ ሰውዬ ምሰሶውን ያዘ። እማማ ባንቺ ግን ዓለምነህን አያዩም፤ ጣታቸውን የቀሰሩት በሪሁን ላይ ነበር። በሪሁን መቀመጫው ተወስዶበት፣ ሊቀመጥ ጎንበስ እያለ፣ ቦታ ሲያጣ ቀና እያለ፣ ደግሞ በሌላው ጫፍ ሊሞክር ሲል የኒሯቁ ሰውዬ ቀድሞት ሲቀመጥ፣ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ይኸው!» አሉ እማማ ባንቺ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይኸው የቆመው ልጅ!»

«አየህ?» አለ በሪሁን ራሱ እየሳቀ። «ታስቃለህ እኮ! ይህን ማታ ብቻህን ቆመህ ብትለው...»

ዓለምነህ በሪሁንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ሰዉን አየ። አንድም ዓይን ዓለምነህ ላይ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያዩት የቆመውን በሪሁን ነው። ድንገት ልቡ ቀለል አለው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የተነሣለት ያህል።

«እታገኝ፣ መርፌና ክር ስጪኝ» አለ ቀሚሱን እየጠቀለለ። «መክሊትዬ፣ ማታ አዳራሽ ነይ። እዚያ ትለብሽዋለሽ።»

«ወዴት ነው?» አለ በሪሁን።

«ሐላፊዬ ዘንድ።»

ጸሐዩ ከተከራያት ክፍል ፊት ለፊት በአንዲት አጭር የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ዓለምነህ ሲመጣ አየው። አልተነሣም። ገጹን ገለጠ።

«እንደምን አረፈድክ?» አለ ዓለምነህ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሌላ መቀመጫ የለም። ዓለምነህ ቆመ። ቆሞም ቆየ፤ ደመናውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ቀሚሱን ካንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። ከጋዜጣው ጀርባ የጸሐዩ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አትነሣልኝም እንዴ?» አለ ዓለምነህ።

«ዛሬስ ደክሞኛል።»

«እኔ እኮ በዕድሜ እበልጥሃለሁ።»

«አንተ ሦስት ወንበር አለህ ሲሉ ሰማሁ። እቤትህ።»

«አለኝ» አለ ዓለምነህ። «ትናንት በሦስቱም ላይ በየተራ ተቀመጥኩ። አንዱም አልሞቀኝም።» ቀሚሱን መልሶ ወደ መጀመሪያው ክንዱ አዛወረ። «ጸሐዩ፣ ሰዉ የሚስቀው በእኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያየው እናንተን ነው። የሚነሣልኝ ሰው ከሌለ የት ልቀመጥ?»

ጸሐዩ ጋዜጣውን አጠፈ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ካባ እንደለበሰ ዳኛ፣ ከዱካው ተነሣ።

«ኖር።»

«በእግዜር» አለ ዓለምነህ፣ ዱካው ላይም ቁጭ አለ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ጸሐዩ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። «ጌታዬ፣ ይኸው! ለዚህ ነው የጠላሁት!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዓለምነህ እዚያው ዱካ ላይ ሆኖ የቀሚሱን እጅጌ መስፋት ጀመረ፤ ጸሐዩ ቆሞ ክር እየሰጠው ማታ ማን የት እንደሚቀመጥ ተማከሩ።

ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ሲመሽ መለስ አለ። በአዳራሹ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ተገልብጦ በጀርባው በከሰል «ሦስት ወንበር» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ያዛጋ ሰው ዛሬም መጥቷል፤ ምናልባት ሊታረቅ፣ ምናልባትም ሊያሾፍ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ከኋላ ቆሟል፤ አዳራሹን በዓይኑ እየለካ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ መጋረጃው ተከፈተ። ሠራተኞቹ ወንበራቸውን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ሳቅ መጣ፣ ከዚያ ሌላው። ዝናቡ እንደገና መጀመሩን ማንም አልሰማም።

ዓለምነህ ከመጋረጃው ጀርባ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የመክሊትን ቀሚስ ጥለት ይቋጫል። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ አልተጨመረም፣ ጢሙም አልተለጠፈም። መክሊት አጠገቡ ቆማ እጁን እጁን ታያለች። ከአዳራሹ ውስጥ፣ ከኋላ፣ አንዱ «መዝጊያው!» ብሎ ተጣራ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ «መዝጊያው! መዝጊያው!» እያለ ወለሉን ይደበድብ ጀመር።

በሪሁን እየሮጠ መጣ። «እየጠሩህ ነው! ግባ እንጂ ጋሽ ዓለምነህ! ትናንት ብቻህን ስትሆን ማን ጠራህ? አሁን ግባ!»

ዓለምነህ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። መድረኩ ላይ ጸሐዩ ከብዙ ትግል በኋላ አንዱን ወንበር ማርኮ፣ አቧራውን በመሐረቡ እየጠረገ፣ ለመቀመጥ እየተዘጋጀ ነበር።

ዓለምነህ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀሚሱን ለመክሊት ሰጣት።

«ይቆዩ» አለ። «ጸሐዩ ገና አልተደላደለም።»