ባሌ የተራመደልኝ ወር

ቀዶ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረኝ። «እጢው ከመውጣቱ በፊት ሰውነትዎ መጠንከር አለበት። በስድስት ደቂቃ አራት መቶ ሜትር ካልተራመዱ ቢላ አላነሳም።» ያን ቀን የተራመድኩት ሁለት መቶ ሰባ ነበር። አንድ ወር ተሰጠኝ።

የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ፣ ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይወርድ «ፊሽካ» ያልኳት ልጅ፣ ቁልፍ የምታክል እርምጃ ቆጣሪ ሰጠችኝ። «በቀን አምስት ሺህ፤ ሲደክምዎ እያረፉ። ወር ሲሞላ ቁጥሩን አነበዋለሁ» አለች። አምስት ሺህ! ለእጢው የምወስደው መድኃኒት ጉልበቴን ሙጥጥ አድርጎት፣ ከአልጋ ተነስቶ ሽንት ቤት መድረስ እንኳ አገር ማቋረጥ ሆኖብኝ ሳለ!

ቤት እንደገባሁ ቆጣሪውን ለባሌ ሰጠሁት። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከስፌት መኪናው ጋር ተጣብቆ የኖረ ሰው።

«ኪስህ ክተትና ተራመድልኝ።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት።»

እሺታው ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

በነጋታው በመስኮት ሳይ፣ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ተጎልቶ ወሬ ይሰልቃል። ብርዱ ስላልለቀቀኝ ከላዬ የማላወልቀውን ግራጫ ካፖርቴን እንደለበስኩ ወጣሁ። «ተነስ፣ አንተ ሰነፍ!» ተነሳና ጥጉን ዞሮ ተሰወረ። ተከተልኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ እሱም ቆሞ «ደከመኝ» ይላል። «ምን ሠርተህ!» እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር አሳደድኩት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። የተራመደው እሱ፣ የምለካው እኔ! ፊሽካ በሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ምልክት አስቀምጣ ፊሽካዋን ነፋች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሼ አጠረ። ቀና ስል ባሌ ወዲያኛው ጫፍ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ የኔን ብስኩት ይበላል! ደሜ ፈላ። «እግርህን ሰብስብ!» እያልኩ ገሰገስኩ፤ ዞሬም ተመለስኩ።

«አራት መቶ አሥራ ስምንት!» አለች ፊሽካ። «ቆጣሪውስ?»

ባሌን አየሁት። አንገቱን አከከ።

«የካፖርትሽን ጠርዝ ዳብሺው።»

ዳበስኩት። ቁልፍ የምታክል ነገር፣ በማውቃት ድቅቅ ያለች የእጁ ስፌት ውስጥ።

«መቼ?»

«የሰጠሽኝ ዕለት።»

ክንዱን በቡጢ መታሁትና እዚያው ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ፊሽካም ክሩን ስትተረትር ዓይኗን ጠረገች። የቀዶ ሕክምናው ቀን ለማክሰኞ ተቆረጠ።

«ስማ» አልኩት። «ማክሰኞ ስነቃ አጠገቤ ተቀምጠህ ላግኝህ። አንድ እርምጃ ንቅንቅ ብትል ወዮልህ!»