ለልምምድ የመጣች ሚኒባስ

"ቀስ! ቀስ በል! ግድግዳውን ልታፈርሰው ነው እንዴ?" መምህሩ ጮኸ። ጎታቹ መኪና ፊቷ የተጨፈለቀ ሚኒባስ ይዞ በወርክሾፑ በር ለመግባት ይታገላል።

የአውቶ ክፍል ተማሪዎች ደስታ ለከት አልነበረውም። እስከዛሬ የተማሩት ብረት ላይ በታሰረ አሮጌ ሞተርና በግድግዳ ሥዕል ነው። አሁን እውነተኛ መኪና፣ ያውም ቢፈቱት ቢገጥሙት ማንም የማይቆጣበት፣ መጣላቸው። ድምፁ አገር ስለሚያውክ "ጡሩምባ" ያሉት ልጅ መኪናዋ ገና ሳትወርድ ማንም ሳይቀድመው በሯን ይዞ ቆሟል።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዷ ልጅ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በተሰበረው መስኮት በኩል የሾፌሩን ወንበር ልብስ አይታዋለች። ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት። ከዚያው ጨርቅ የተረፈው ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መስኮታቸው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለቱንም የሰፋችው እናቷ ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቁራጭ ጨርቅ መጣል አይሆንላትም።

ሚኒባሷ አባቷ ይነዳት የነበረችው ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ቁልቁለት ላይ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨባትና ከግንብ ጋር ተላተመ። ሴትዮዋ እዚያው ሞተች። "ፍሬን እምቢ አለኝ፤ ረገጥኩት፣ አልያዘም" አለ። ፖሊሶች "ፍሬኑ ደህና ነው" አሉ። ታሰረ፣ ተፈታ፣ መንጃ ፈቃዱም ተመለሰለት። ሴትዮዋ ግን ከቤታቸው አልወጣችም። ስሟን የሚያነሳ የለም፣ የሚረሳትም የለም፤ ራት ሲቀርብ አብራቸው የተቀመጠች ያህል ሁሉም ዝም ይላል። አባቷ ቁጭ ብሎ ሐሳብ በወሰደው ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። ልጅቷ የምታጠናው ይህን ድምፅ እየሰማች ነው።

የሙያ ትምህርት ምረጡ ሲባል ጓደኞቿ ኮምፒውተር ሲሉ እሷ አውቶ ያለችው ለዚህ ነው። ፍሬን እንዴት እምቢ እንደሚል ማወቅ ፈለገች። አንድ ቀን ለሰፈሩ ሁሉ "አባቴ አልዋሸም" ማለት ፈለገች። "ጥፋቱ የመኪናዋ ነው እንጂ ያንተ አይደለም" እያለች ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ እንደገና መሪ እንዲይዝ ያግባባችውም እሷ ናት። ነገ ሥራ ይጀምራል፤ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ያመላልሳል።

"ስሙኝ!" አለ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ጥብቅ ያለ በመሆኑ "ብሎን" የሚሉት መምህራቸው። "ይህቺ መኪና ከፖሊስ ግቢ በቀጥታ ነው የመጣችው፣ ማንም አልፈታታም። ሾፌሩ ፍሬን አልያዘልኝም ብሏል፤ ፖሊስ ይዟል ብሏል። ማን ልክ እንደሆነ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።"

"ቲቸር፣ ይሄማ ምርመራ አይፈልግም" አለ ጡሩምባ። "ሰው የገጨ ሾፌር ሁሉ ፍሬን እምቢ አለኝ ነው የሚለው።"

ሾፌሩ አባቷ መሆኑን የማያውቀው ክፍል በሳቅ አወካ። መምህሩም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ልጅቷ ዞረ።

"ፍሬን ላይ ካንቺ የሚሻል የለም። ነይ ጀምሪ።"

"እሺ ቲቸር" አለች። አሞኛል ብትል ማንም አያስገድዳትም ነበር። ግን ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ኖራለች፤ አባቷን ነፃ የምታወጣበት ሰዓት የመጣ መሰላት።

ሚኒባሷን በክሪክ አንስተው ጎማዎቹን አወለቁ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ለመፍታት ሁለት ሁለት ሆነው ታገሉ። የፍሬኑን ሸራ አየች፤ ወፍራም ነው፣ ምንም አልተበላም። ቱቦዎቹን በጣቷ ዳሰሰች፤ ደረቅ ናቸው፣ የሚያፈስ የለም። የፍሬን ዘይቱም ሙሉ ነው። ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ የላላ ነገር ለማግኘት በልቧ ለመነች። የተበላሸ ነገር እንዲህ ናፍቋት አያውቅም።

ጎማዎቹን መልሰው ሲያስሩ መምህሩ "በይ ግቢና ርገጪው" አላት። "ጡሩምባ፣ አንተ ጎማውን አዙር።"

የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ጎድጉዷል። ረገጠች።

"ግጥም!" አለ ጡሩምባ ከውጭ። "ንቅንቅ አይልም!"

ለቀቀችው፤ ጎማው ዞረ። ረገጠችው፤ ያዘ። ለቀቀች፣ ረገጠች፣ ደግሞ ለቀቀች። መምህሩ "በቃ፣ በቃ፣ ገብቶናል" እስኪላት ድረስ እግሯን ማስቆም አልቻለችም። ከዚያም ቤታቸው ውስጥ የምትሰማው ድምፅ በገዛ እግሯ ሥር እየተሰማ መሆኑን አወቀችና ፈራች።

"እና? ማን ነው ልክ?" አላት መምህሩ።

"ፖሊስ" አለች።

ወደ ቤት ስትሄድ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። አባቷ ማታ ማታ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ሳይላት አያድርም። ሞተር ስትለው ያዳምጣል፣ ማርሽ ስትለው ይከራከራል። ፍሬን የተማሩ ሰሞን ግን በየቀኑ ራሱን ያመው ነበር። ያኔ አዝናለት፣ ሻይ አፍልታ ሰጥታው ነበር።

በራቸው ላይ ነጭ ሚኒባስ ቆማለች። ባለቤቱ ለነገ ብሎ አምጥቷት ሄዷል። አባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መስታወት ይወለውላል፤ ፊቱ በርቷል። ይህን ፊት ካየችው ስንት ጊዜዋ! ምነው ዛሬ ትምህርት ቤት በቀረሁ አለች።

"መጣሽ የኔ መካኒክ! ነይ እስቲ ፍሬኗን እይልኝ። አንቺ ካላየሽው አላምንም።"

ቦርሳዋን አስቀምጣ ከሥር ገባች። ከዚያም ወንበሩ ላይ ወጥታ ረገጠች። ስትወርድ አጠገቧ ቆሟል።

"እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ተመስገን!"

"የዚያችኛዋም ደህና ነበር፣ አባዬ። ዛሬ ለልምምድ ብለው እኛ ትምህርት ቤት አመጧት። የፈተሽኳት እኔ ነኝ።"

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ተሳስተሻል ይለኛል ብላም ተስፋ አደረገች። እሱ ግን ወደ ቤቱ በር አየት አደረገና "እናትሽ ሰምታለች?" አላት ቀስ ብሎ።

"አልሰማችም።"

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። "ረግጫለሁ" አለ። "እግሬ ረግጧል። ምኑን እንደረገጠ ግን አላውቅም። ፍሬኑን ይሁን ነዳጁን... ሴትዮዋ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም ልጄ። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተመለስኩበት፣ አላውቀውም።"

"ታዲያ ለምን ፍሬን ነው አልክ?"

"ያኔ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። በኋላ ደግሞ አንቺ አመንሽኝ። በምን አፌ ልመልሰው?"

ልጅቷ እንባዋ መጣ። ትወደዋለች፤ አሁንም፣ ይህን ሰምታም ትወደዋለች፤ የከበዳትም ይኸው ነው። ነገ ጠዋት ሕፃናት ቦርሳቸውን አንግበው በየደጃቸው ቆመው ይጠብቁታል።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። አውጥቶ አየውና "የመኪናዋ ባለቤት ነው" አለ። አላነሳውም። ስልኩን ይዞ ፊት ፊቷን ያያል። ስልኩን ከእጁ ስትወስድ ጣቶቹ አልያዙትም።

"ሄሎ፣ ልጃቸው ነኝ" አለች። "አሉ፣ እዚሁ ናቸው። ነገ ግን አይነዱም። ለልጆቹ ሌላ ሾፌር ይፈልጉላቸው።"