የወይዘሮ ኤዲት ድምፅ

ስልኩ ጀነት ጭን ሥር ሲንቀጠቀጥ አጎቷ ሀጂ አብዱልወሃብ ከድንኳኑ ወደ ቤት ገብተው ሴቶቹን እየተቆጡ ነበር።

«ሙሾውን ተዉት! ለእህቴ የሚጠቅማት ዱዓ ነው። ዙሃራን በጩኸት አታስጨንቋት።»

ሴቶቹ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ጀነት ስልኩን ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ አምሳሉ ነው፣ እናቷ ዙሃራ ድምፅ ትሰጥበት የነበረው የትርጉም ድራማ አዘጋጅ። ትናንት ቀብር ላይ አይታዋለች፤ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን? ጓዳ ገብታ አነሳችው።

«ጀነት፣ በዚህ ሰዓት መደወሌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ አትቀየሚኝ» አለ በአንድ ትንፋሽ። «የመጨረሻው ክፍል ነገ ማታ ይተላለፋል። እናትሽ ሁሉንም ጨርሳልኝ ነበር፤ የመጨረሻዋ ትዕይንት ብቻ ቀረች። ጣቢያው ሌላ ሴት አስገባ እያለኝ ነው። የአንቺ ድምፅ የእሷው ነው፣ በስልክ እንኳ ለይቻችሁ አላውቅም። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ከመጣሽልኝ እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ ግን ከእጄ ይወጣል።»

የጀነት ልብ ዘለለ። እውነቱ ይነገር ከተባለ በደስታ ነው የዘለለው። እናቷን ትናንት ቀብራ፣ ዛሬ በንፍሮ ድስትና በሰው ሳህን መሃል ቆማ ጉንጯ ጋለ። «አንቺ፣ አብደሻል እንዴ?» አለች ለራሷ። ማበዷ ግን አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዚያ ድራማ ልትፈተን የሄደችው ጀነት ራሷ ነበረች። ቴአትር ተምራለች፤ መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰንብታለች። እናቷ የተከተለቻት «ልጄን የማላውቀው ሰው ቢሮ ብቻዋን አልሰድም» ብላ ነው። ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ ሲያስጠብቋቸው ሲያስጠብቋቸው ዙሃራ ትዕግሥቷ አለቀና ዘበኛው ላይ ወረደችበት።

«ሰው እኮ ነው ያስቀመጣችሁት፣ የጤፍ ጆንያ አይደለም! ወንበር ባይኖራችሁ አፍ የላችሁም? ቁጭ በሉ እንኳ አይባልም?»

አምሳሉ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስቱዲዮ ብቅ አለ። ጀነት ሊያባርረን ነው ብላ መሬት መሬት አየች።

«እትዬ፣» አለ፣ «ይሄንኑ ቁጣ እስቲ ማይክ ፊት ይድገሙልኝ።»

እናት አለፈች፣ ልጅ ወደቀች። ጉድ እኮ ነው! ጀነት ወር ሙሉ አኮረፈች፤ ዙሃራ ደግሞ ማታ ማታ ጽሑፉን ይዛ እያንኳኳች «የኔ አርቲስት፣ ይሄን እንዴት ነው የምለው?» እያለች በግድ ታረቀቻት።

ወይዘሮ ኤዲት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን የምትኖር፣ የአንድ ባንክ ጸሐፊ ሚስት ናት። ሀብታም አይደለችም፣ ድሃም አይደለችም። ወገቧን በኮርሴት ጠፍራ፣ ሳሎኗ ውስጥ ከፒያኖዋ አጠገብ እንግዳ ትቀበላለች፤ እንግዳው ሲወጣ የምድጃውን ከሰል ለነገ ብላ ታጠፋና በብርድ ትቀመጣለች። ያላትን አንድ ሠራተኛ «ሠራተኞቼ» ብላ ነው የምትጠራት። የወረሰችው ንብረት እንኳ በባሏ እጅ ነው። ከባሏ ይልቅ የምትፈራው ግን የሰው አፍ ነው።

ዙሃራ ይህን መጀመሪያ ያነበበች ዕለት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ይቺን ሴትዮማ አውቃታለሁ! እዚሁ አብነት ሰፈራችን ናት። ሳሎኗ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ አለ፣ ጓዳዋ ዘይት አልቋል።»

ከዚያ በኋላ ኤዲት ለንደን መኖሯ ቀረ። ስትሰለች «ኤዲያ!» ትላለች፣ ስትደነግጥ «ወይ ጉዴ!» ትላለች፣ ሁሉም በዙሃራ አፍ። የሰፈሩ ሴቶች ጎረቤት አደረጓት። አሁን ደግሞ ነገሩ ጦዟል፦ ኤዲት ሳሎኗን ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ላድርገው ብትል ባሏ «የእኔ ሚስት ልትሠራ? ሰው ምን ይላል?» ብሎ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ያለፈው ክፍል እዚያ ላይ ነው የቆመው። ለቅሶ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ንፍሮ እየቆረጠሙ ሲንሾካሾኩ ጀነት ሰምታለች። «ይመለስ ይሆን?» «ዝም በይ፣ ነውር ነው!» «ነውርስ ነው፣ ግን ይመለሳል ትያለሽ?»

ይህቺ ሴት አሁን በማታውቃት ሰው ድምፅ ልትጨርስ ነው? ከዚያም የባሰ ነገር ነበረ፤ አባቷ። አብዱራህማን ከቀብር ከተመለሰ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገረም፣ አላለቀሰም። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ሰው ሲጨብጠው እጁን ብቻ ይሰጣል። ሚስቱ ስትናገር ቆይታ መሃል ላይ ባዕድ ድምፅ ሲወጣ ቢሰማ ምን ይሆናል?

አጎቷን በር ላይ ያዘቻቸው። «አጎቴ፣ ሰንጋ ተራ ደርሼ ልምጣ። የእማን ሥራ ልጨርስላት።»

«የምን ሥራ?»

ነገረቻቸው።

«ፊልም? የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

ጀነት ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። የኤዲት ባል ቁርጥ! አጎቷ ፊታቸውን አዙረው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ይህን ሁሉ እትዬ ወለተሰንበት ሰምተዋል። ከዙሃራ ጋር በአንድ ግድግዳ የኖሩ፣ የገናና የአረፋ ሳህን የተለዋወጡ ጎረቤት ናቸው። ጀነትን በዓይናቸው ጠቀሷትና ድንገት ደረታቸውን ይዘው ፍራሹ ላይ ተንጋለሉ።

«ውይ፣ ግፊቴ! ግፊቴ ተነሣብኝ! ኪኒኔ አልቋል፣ አንድ ሰው ይሩጥልኝ!»

ግፊት ሲባል ቤቱ ተተራመሰ፤ ዙሃራን የወሰዳት እሱ ነው። ሀጂ አብዱልወሃብ ከድንኳኑ ጫማቸውን ሳያደርጉ መጡ። «ጀነት! ምን ይገትርሻል? ሩጪ እንጂ!»

ጀነት ሮጠች። ከአብነት ታክሲ ያዘች፤ ረዳቱ «ሰንጋ ተራ! ሰንጋ ተራ!» ሲል እሷን የሚጠራት ይመስላታል። የሕንፃውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ዘለለችው። አምሳሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ማይኩ ፊት ስትቆም ግን የተማረችው ሁሉ መጣባት። ድምፅዋን አወፈረች፣ ትንፋሽዋን ለካች።

«አይሆንም» አለ አምሳሉ። ደገመችው። «ጀነት፣ ትወና እየሠራሽ ነው። እናትሽ አንድ ቀን ትወና ሠርታ አታውቅም። ቤቷ እንደምታወራው ነበር የምታወራው።»

ጀነት ዓይኗን ጨፈነች። ስቱዲዮውን ረሳችው። አመሻሽ ነው፤ አባቷ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ሱቁ መጥቶ በሩን ሳይዘጋ ይገባል፤ እናቷ ከጓዳ ሳትወጣ እንደ ሁልጊዜው ትናገረዋለች። ከዚያ ወዲያ አፏ ራሱ ሄደ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንደተጻፈው አላለችውም፤ እንደ ቤቷ ነው ያለችው። አምሳሉ ማዳመጫውን አወለቀ።

«በቃ። ይሄው ነው» አለ።

ስትመለስ እንባዋ እየወረደ ደስ ይላታል። ደስ ማለቱ አሳፈራት፣ ግን ምን ታድርግ። ኪኒኑን መግዛት ረስታው ነበርና ከሰፈር መድኃኒት ቤት ገዝታ ገባች።

በማግስቱ ማታ ድንኳኑ ፈርሶ የቀረው ሰው ሁሉ ሳሎን ገባ። ቴሌቪዥኑ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ሴቶቹ ጨርቁን ያያሉ፣ ሀጂ አብዱልወሃብን ያያሉ፣ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እሳቸውም ተቁነጠነጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያው... እህቴ የለፋችበት ነው። ድምፅዋን መስማት ክፋት የለውም። ደግሞ ያ ሰውዬ ይመለስ አይመለስ...» አሉና አፈሩ። ለካ ሱቃቸው ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲከታተሉ ኖረዋል!

ጨርቁ ተነሣ። ዙሃራ ተናገረች። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፣ ወዲያው ደግሞ እንዳያመልጣቸው ብለው ዝም ተባባሉ። ኤዲት ወንበር እየደረደረች ከእህቷ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ይስቃሉ። «በርቺ ዙሃራዬ!» አሉ እትዬ ወለተሰንበት፣ በሕይወት ያለች ይመስል።

ጀነት ግን አባቷን ብቻ ነበር የምታየው። ፍራሹ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የእናቷ ድምፅ የት ጋ እንደሚያልቅና የእሷ የት ጋ እንደሚጀምር ያውቃል? የኤዲት ባል በሩን ሲያንኳኳ ነው የሚጀምረው። ያ አላህ፣ እንዳያውቅብኝ!

ተንኳኳ።

ኤዲት ከፈተች። ባልየው ባርኔጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አይገባ፣ አይወጣ። ወንበሮቹን አየ። «ልጆቹ ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለ።

አንዷ ሴት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጎረቤቷ በመዳፏ አፈነቻት። ሀጂ አብዱልወሃብ ጭናቸውን መቱ። «ፈቀደላት! ሰውየው ፈቀደላት!»

ኤዲት ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጽሑፉ ላይ የነበረው «እባክህ ግባ» ነው።

«ኧረ በሩን ዝጋው፣ አንተ ሰውዬ! ብርዱን አስገባኸው እኮ!»

አብዱራህማን ተነሣ።

ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበለት። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ እነዚያን ቀናት ሁሉ ሌት ተቀን ወለል ብሎ ነው የቆየው። እሱ ግን ጫማዎቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ በሩን ዘጋው፣ መቀርቀሪያውንም ወረወረው። ሀጂ አብዱልወሃብ ሊናገሩ ሲሉ እትዬ ወለተሰንበት እጅጌያቸውን ያዟቸው።

«እሺ፣ ዘግቼዋለሁ» አለ አብዱራህማን።

ከዚያ ተመልሶ መጣና ፍራሹ ላይ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ፣ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቶ ተቀመጠ።