ለወንበር እግር ጫማ

ናሪን በሚባል አገር፣ ተራራ ሥር ባለች ትምህርት ቤት መምህር ሲገባ ልጆች ብድግ ይላሉ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሁለተኛ ክፍሏ አይዚሬክ ግን መምህሯ እትዬ ቡርማካን በር ላይ ብቅ ሲሉ ጆሮዋን ይዛ ዴስኩ ሥር ትገባለች። እሳቸውም ንቀት መስሏቸው ውስጥ ውስጡን ይበግናሉ፤ ሰው ናቸዋ!

ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ሳተምኩል ቁርጡን ተናገሩ። «ዓርብ ራሴ መጥቼ አያታለሁ። ካልቆመች እቤቷ ትዋል።»

ረቡዕ የማሞቂያው ምድጃ ክፍሉን በጢስ ሞላው። ልጆቹ ወንበራቸውን ተሸክመው ምንጣፍ የሚሠራበት ክፍል ገቡ፤ ወለሉ ዳር እስከ ዳር ወፍራም የበግ ሱፍ ነው። እትዬ ቡርማካን ሲገቡ ሁሉም ብድግ አሉ። አይዚሬክም ቆማለች፤ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። እትዬ ቡርማካን መጽሐፋቸውን እንደታቀፉ ደርቀው ቀሩ።

ጠጋ አሏት። «እዚያኛው ክፍል ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ወንበሮቹ ናቸው። ስንነሣ ሁሉም በአንዴ ሲጮኹ ጥርሴ ውስጥ ይገባሉ።» ትንሽ አሰበችና፣ «እናንተን አያማችሁም እንዴ?» አለች።

እትዬ ቡርማካን ብቻቸውን ወደ ባዶው ክፍል ተመለሱ። አንድ ወንበር ጎተቱ። ሲጥጥ አለ። ያን ሁሉ ዘመን አስተምረው ይህን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም። ይህቺ ፍሬ የምታክል ልጅ ግን በየማለዳው ችላው ኖራለች። ጉድ ነው! እንባቸው መጣ።

ሐሙስ ልጆቹ የሱፍ ቁራጭ እየቀደዱ የወንበሮቹን እግር ጠቀለሉ። «ወንበሬ ከኔ የተሻለ ጫማ አደረገ» አለ ኑርቲሌክ፣ ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

ዓርብ ጋሼ ሳተምኩል ገቡ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ፤ ኮሽታ የለም። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ወንዝ ሲወርድ ተሰማ። አይዚሬክ ቆማለች። ሰውየው ለመቀመጥ የመምህሯን ወንበር ሳብ አደረጉ።

ሲጥጥ! ለካ ለሱ ጫማ ያሰበለት የለም። አይዚሬክ ጆሮዋን ያዘች፣ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን ዴስኩ ሥር አልገባችም። እንደቆመች ነው።

ጋሼ ሳተምኩል ልጅቷን አዩ፤ የያዙትን ወንበር አዩ። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ከመሬት አነሱት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብለው አኖሩት።

«ተቀመጡ» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺም ቁጭ በይ፣ ልጄ። ቦታሽ እዚሁ ነው።»