ሁለቱ መስመሮች

ጥቅል ሠሪዋ እናቷን ለማስታመም አራት ወር ከሥራዋ ራቀች። ደመወዝ የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም፤ ማንም በነጻ ወስዶ ለሚጠቀምበት የኮምፒውተር ስርዓት የማተሚያውን ፕሮግራም አጠናቅራ፣ ፈትሻ፣ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንዲጭነው በጥቅል ታዘጋጃለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች። ስትሄድ ለባልደረባዋ ለጺሞ «እስክመለስ አደራ» ብላ አስረክባው ነበር።

ጺሞ አደራ በላ። እናቷን ቀብራ ስትመለስ በጥቅሉ ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ብቻ ነው። በጥቅል ሠሪዎቹ ዓመታዊ ስብሰባም «ከዜሮ ያቆምኩት እኔ ነኝ» ብሎ አስጨብጭቧል።

«ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ?» አለችው ደውላ።

«ምን ላድርግ፣ ጠፋሻ! ሥራ ሰው አይጠብቅም» ብሎ ሳቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አልጮኸችም፤ ቂሟን ቋጥራ ተቀመጠች።

ከወር በኋላ ጺሞ የጥቅሉን አዲስ እትም አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፕሮግራሙ የቆየ ጉድለት ነበረበት፤ እሷ በየእትሙ ሁለት መስመር እየጨመረች ነበር የምታቃናው። ጺሞ ለምን እንደተጻፉ ስላልገባው ቆርጦ ጥሏቸዋል፤ መጠየቅ እንደሆነ ሞቱ ነው። በየቢሮው ያለው ማተሚያ ባዶ ወረቀት እንደሚተፋ ወዲያው ገባት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይቆም ነበር። «ዝም አይነቅዝም» አለችና ኮምፒውተሩን ከድና ልብሷን ልታጥብ ተነሣች።

በሦስተኛው ቀን የስሞታ ናዳ ወረደ። ጺሞ መጀመሪያ ማተሚያዎቹን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ በመጨረሻ ሰዉን። መልሶቹን እያነበበች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ታናሽ እህቷም ደወለች። «እትዬ፣ ማተሚያችን ነጭ ወረቀት ነው የሚያወጣው። ተማሪው የማመልከቻ ቅጽ ሊያሳትም ተሰልፎብኛል፤ ቀኑ ዓርብ ያልቃል።»

«የጺሞ ሥራ ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

በሦስተኛው ሳምንት ጺሞ ራሱ ደወለ። «እህቴ፣ በሞቴ፣ ምኑ ነው የጎደለው?»

«ከዜሮ ያቆምከው አንተ አይደለህ እንዴ? ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ የማን ሥራ እንደነበር ጻፍ፤ ከዚያ እናወራለን።»

«ረድታኛለች» ብሎ ጻፈ። «አልረዳሁህም፣ ቀማኸኝ እንጂ» ብላ መለሰችበት። እንደገና ጻፈ፤ አሁን እውነቱን። ስሟ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሁለቱን መስመሮች ለመጨመር አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

ለእህቷ እየሳቀች አወራቻት። እህቷ አልሳቀችም።

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አሥራ አንድ ልጆች ቀኑ አለፈባቸው። አንዷ ፊቴ ቆማ አለቀሰች። እሱስ በደለሽ፤ እነሱ ምን አደረጉሽ?» ብላ ስልኩን ዘጋችባት።

ጥቅል ሠሪዋ በማግስቱ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ማመልከቻውን ለሚቀበለው መሥሪያ ቤት ጻፈች። አራቱን ልጆች ተቀበሉላት፤ ሰባቱን እምቢ አሉ። እህቷ ሁለት ወር ሙሉ ስልኳን አላነሳችላትም። የሰባቱ ነገር ሲነሣባት ዛሬም አንገቷን ትደፋለች። ስለ ጺሞ የጠየቃት ሰው ግን መልሱን ለመስማት ብዙ አይጠብቅም፦

«እሱ ላይ? ነገ ጠዋትም እደግመዋለሁ።»